ብርጭቆ ሲቀልጥ ውስጡ

ዓኒሳ ለሁለት የተከፈለ ዶቃ በሶፍት ጠቅልላ ዳሚ ወደሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር በመጣች ቀን፣ ዶቃ ሠሪው ዘይኑ እንደሌሎቹ ደንበኞች ልትወቅሰው የመጣች መስሎት ነበር። ገና ከበሩ ሳትገባ "አፉ በይኝ እህቴ፣ ሌላ እሰጥሻለሁ" ብሎ አዲስ የዚክር መቁጠሪያ ሙስበሃ ከግድግዳው ሚስማር ላይ አወረደላት። እሷ ግን ሙስበሃውን አየት አድርጋ መለሰችለትና ሶፍቷን ፈታች።

"ሌላ አልፈልግም" አለችው። "ይሄኛው ለምን እንደተሰነጠቀ ነው ማወቅ የምፈልገው። እናቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ነበር፤ ማንም አልነካውም። ቁጭ ባለበት ቀጭ ብሎ ተከፈለ።"

ዘይኑን መጀመሪያ የገረመው አማርኛዋ ነበር። የሐርጌሳ ልጅ መሆኗ ከአለባበሷም ከዜማዋም ያስታውቃል፤ ቃሉ ግን አልተሰበረባትም። በዚያ ላይ በዕድሜ ታላቋ ሆኖ ሳለ "አንተ" ማለቷ ትንሽ ቆረቆረው። ኋላ እንደነገረችው ያደገችው ድሬዳዋ ነው፤ ድሬ ደግሞ ሽማግሌውም ሕፃኑም "አንተ" ነው የሚባለው። ፊዚክስ የተማረችው አዳማ ሲሆን አሁን እዚሁ ሐርጌሳ በአንድ ኮሌጅ ታስተምራለች። ይህን ከሰማ በኋላ ቅሬታው ለቀቀው።

ዘይኑ የስልጤ ሰው ነው። መርካቶ ውስጥ የመስኮት መስታወት ሲቆርጥ ኖሮ፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሐርጌሳ ከተሻገረ ዓመታት አልፈውታል። ዳሚ ሲገባ ጎረቤቶቹ ብረት ቀጥቃጮች ስለነበሩ እሳት አጠገብ መዋል ነውር አልሆነበትም። የጋዝ ምድጃውን ራሱ ገጣጠመ፣ የተጣሉ ጠርሙሶችን ማቅለጥ ጀመረ፣ ብዙ አበላሽቶ በመጨረሻ የሚያምር ዶቃ ወጣው። አረንጓዴውን የለስላሳ ጠርሙስ በቀጭን የብረት ዘንግ ላይ ይጠቀልልና ከላዩ ስባሪ ከሚያጠራቅምበት ጆንያ ያወጣውን እንደ ውሃ የጠራ ብርጭቆ ያለብሰዋል። ሙስበሃዎቹን አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ ሽቶና የሶላት ምንጣፍ የሚሸጠው ካሂን ይወስድለት ነበር። ከረመዳን ወዲህ ግን ዶቃዎቹ በየሰዉ እጅ እየተሰነጠቁ መመለስ ጀመሩ። ካሂን ሰው የማያስቀይም ነጋዴ ነው፤ ምክንያቱን እስክታገኝ ትንሽ እንቆይ ብሎ በለዘብታ ነግሮታል።

ጎረቤቶቹ የሰው ዓይን ነው አሉት። ሚስቱ ኡምሰልማ ደግሞ መቸኮልህ ነው ትለዋለች። እሱ ሁለቱንም አልተቀበለም፤ የራሱ መልስም አልነበረውም። ስለዚህ ዓኒሳ "ለምን?" ብላ ስትጠይቀው ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

ምናልባት ቶሎ እየቀዘቀዘ ይሆናል አለችው። ዘይኑ ትኩስ አመድ የሞላበትን በርሜል ከፍቶ አሳያት፤ ዶቃው እዚያ ተቀብሮ ያድራል እንጂ አየር አያገኘውም። ከዚያም ትሪ አምጥቶ ዶቃዎችን ፊቷ ዘረገፈ።

"ይሄም ከዚያው ጆንያ ነው፣ ይሄም ከዚያው ጆንያ" አላት። "እሳቱ አንድ፣ እጁ አንድ፣ አመዱ አንድ። ይሄ ተሰነጠቀ፣ ይሄ ደህና ነው። እስቲ አንቺ ንገሪኝ።"

ዓኒሳ ሁለቱን ዶቃዎች በሁለት እጇ ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ዞረች። በዓይን ሲታዩ ልዩነት የላቸውም። ሁለቱንም ልውሰዳቸው ብላ ጠየቀችው፤ ወዲያው ግን ሐሳቧን ለወጠችና፣ ራስህ ይዘሃቸው ብትመጣ ይሻላል፣ ከምነግርህ ብታየው ይሻላል አለችው።

ሐሙስ ከሰዓት ዘይኑ ንጹህ ሸሚዙን ለብሶ ኮሌጁ ሄደ። ኡምሰልማም አብራው ሄደች፤ የብርጭቆ ምርመራ የሚባል ነገር ሰምታ ስለማታውቅ ማንም ሳይጋብዛት ነው የተነሳችው። ዓኒሳ መጋረጃው ወደተዘጋ ጠባብ ክፍል አስገባቻቸውና ዓይን የሚከላከል ብርቱካናማ መነጽር አደለቻቸው። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሳጥን ስፔክትሮሜትር ይባላል። ውጭ አገር ሲያገለግል የቆየ ነው፤ እዚህ ከመጣ ወዲህ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ነጋዴዎች ኤመራልድ ነው ብለው የሚያመጡትን ድንጋይ ለመለየት ነበር። ከሳጥኑ በሚወጣው ቀጭን ገመድ ጫፍ ላይ አረንጓዴ የሌዘር ብርሃን ይበራል።

አሠራሩን በአጭሩ ነገረቻቸው። ብርሃኑ ዕቃው ላይ ሲያርፍ አብዛኛው ቀለሙን ሳይቀይር ይመለሳል። እጅግ ጥቂቱ ግን ውስጥ ያሉትን አተሞች አንቀጥቅጦ ስለሚመለስ ቀለሙ ትንሽ ይቀየራል። የተቀየረበት ልክ አተሞቹ እንዴት እንደተያያዙ ይናገራል።

"ሸክላ በጣት እንደመምታት ነዋ" አለ ዘይኑ። "ከድምፁ ስንጥቅ እንዳለው ታውቂያለሽ።"

ዓኒሳ እንደሱ ነው አለች፤ ልዩነቱ በጣት ፋንታ በብርሃን መምታታችን ነው። መጀመሪያ ከተራራ የመጣ የኳርትዝ ድንጋይ አስቀመጠች። ስክሪኑ ላይ መስመሩ እንደ መርፌ የሾሉ ጫፎች አወጣ። ከዚያ የዘይኑን አረንጓዴ ጠርሙስ ስባሪ አስቀመጠች። መርፌዎቹ ጠፉና በቦታቸው ሁለት ለስላሳ ጉብታዎች ታዩ፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ።

ኡምሰልማ ማሽኑ ደክሞት እንደሆነ ጠየቀች። ዓኒሳ ሳቀች። ድንጋዩም ጠርሙሱም በዋናነት ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተሠሩ መሆናቸውን፣ ልዩነቱ አሰላለፉ ላይ መሆኑን ልታስረዳ ሞከረች፤ ቃል ሲያጥራት ትንሽ አሰበችና ሌላ መንገድ ያዘች።

"የዒድ ሶላት ላይ ሜዳው ሞልቶ ሰዉ በሶፍ በሶፍ ተሰልፎ ሲቆም አይታችሁ የለ?" አለች። "ኳርትዝ እንደዚያ ነው። ከየትም ብታዩት ሶፉ አይዛነፍም። ሶላቱ አልቆ ሰዉ ሲበተንስ? አባት ልጆቹን እጅ ለእጅ ይዟል። ከቅርብ ካያችሁ ቤተሰቡ እንደተያያዘ ነው፤ ከሩቅ ካያችሁ ግን ሶፍ የለም። ብርጭቆ ማለት እሱ ነው። አንዱ ሲሊከን አራት ኦክስጅን ይይዛል፣ ኦክስጅኑ ደግሞ በሌላው በኩል የጎረቤቱን ሲሊከን ይይዛል። ከዚያ ወዲያ ሥርዓት የለም።"

ዘይኑ ስክሪኑን ትክ ብሎ አየ። በእጁ ስንት ሺህ ጊዜ ያሽከረከረው ነገር በውስጡ ሰልፍ የሌለው ሕዝብ መሆኑ አእምሮውን ያዘው። አረንጓዴውና ነጩ፣ ወፍራሙና ቀጭኑ ሁሉ እንዲህ እንደሆነ ጠየቃት። እሷም በብርጭቆ ውስጥ ሶዲየም እንደሚጨመር፣ ሶዲየም መሀል ሲገባ አንዳንዱ እጅ እንደሚለቀቅ፣ በዚህም ምክንያት ጠርሙስ ባነሰ እሳት እንደሚቀልጥ ነገረችው። የቀኙ ጉብታ የሚነግራቸው ማን ስንት እጅ እንደያዘና እንደለቀቀ ነው።

ከዚያ የዶቃዎቹ ተራ ደረሰ። ደህናው ዶቃ ላይ ያለው የጠራ ልባስ እንደ ጠርሙሱ ሁለት ጉብታ አወጣ። የተሰነጠቀው ዶቃ ልባስ ሲታይ ግን የግራው ጉብታ ቦታውን ለቆ ወደ ግራ ሸሽቷል፣ የቀኙም ሟሙቶ ለመታየት ያህል ብቻ ቀርቷል። ዓኒሳ ናሙናውን አዙራ ደገመችው፤ ለውጥ የለም። ሌላ የተሰነጠቀ ዶቃ አስቀመጠች፤ ያው ነው።

"ሁለት ዓይነት ብርጭቆ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ጆንያህ ውስጥ ሁለት ዓይነት የጠራ ብርጭቆ አለ፣ ጋሼ። ይሄኛው ቦሮን ያለበት ይመስለኛል። እሳት እንዲችል ተብሎ የሚሠራ ነው።"

ዶቃው ለምን በኋላ እንደሚሰነጠቅም በዚያው ግልጽ ሆነ። አረንጓዴው እምብርት ሲቀዘቅዝ ብዙ ይኮማተራል፤ ቦሮን ያለበት ልባስ ግን ብዙም አይኮማተርም። አንዱ ሲስብ አንዱ እምቢ እያለ ዶቃው ውስጥ ውስጡን ሲጨነቅ ይቆይና አንድ ቀን ቀጭ ይላል። ዘይኑ ይህን ሲሰማ ትዝ ያለው ነገር ነበር። አንዳንዱ ስባሪ እሳት ላይ እልኸኛ ይሆንበታል፤ ሌላው ሲለሰልስ እሱ ይቆማል። የጋዙ ሲሊንደር እያለቀ ነው ብሎ አልፎት ነበር።

ታዲያ ይህ ብርጭቆ ከየት መጣ? ዘይኑ ጆንያውን የሚሞላው ጋአን ሊባህ ሰፈር ካለ መስኮት ገጣሚ በሚያገኘው ቁርጥራጭ ነው። ኡምሰልማ ግን ከባሏ ቀድማ ኢዘዲንን አስታወሰች። ኢዘዲን ያገራቸው ልጅ ነው፤ በየጣሪያው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ይገጥማል። ቱቦ ሲሰበርበት የላይኛውን ንጹህ ብርጭቆ እየለየ፣ ዘይኑ ቤት ብቅ ባለ ቁጥር ጆንያው ውስጥ ይጨምርለት ነበር። ከረመዳን ጀምሮ።

ወዲያው ደወሉለት። ኢዘዲን ደነገጠ። ከመስኮት መስታወት የበለጠ ጥርት ያለ ስለሆነ ለወንድሜ የተሻለውን ልስጠው ብዬ ነው አለ፤ ድምፁ ወረደ። ዘይኑ አጽናናው። ወላሂ አልተቀየምኩህም፣ እንዲያውም አንተ ባትጨምረው ኖሮ ይህን ሁሉ መቼ አይ ነበር አለው። ከልቡ ነበር።

የቀረው ጆንያውን መለየት ነው፤ እያንዳንዱን ስባሪ ደግሞ ኮሌጅ ይዞ መምጣት አይቻልም። ዓኒሳ አንድ ያነበበችውን ነገር ልትሞክር ቅዳሜ ወደ ዳሚ መጣች። ኡምሰልማን የሱፍ ዘይት በጠራ ኩባያ ቅጂልኝ አለቻት። የመስኮት መስታወት ስባሪ ዘይቱ ውስጥ ስትጨምር ጠርዙ ጥርት ብሎ ታየ። የማሞቂያውን ቱቦ ስባሪ ስትጨምር ግን፣ ዘይቱ ውስጥ ገባ ሲል ከዓይን ጠፋ። ብርሃን በዚያ ብርጭቆና በዘይቱ ውስጥ የሚሄደው በእኩል ፍጥነት ስለሆነ ዓይን ድንበሩን አያገኘውም።

ኡምሰልማ አላመነችም። "ቢስሚላህ" ብላ ማንኪያ አስገባችና ኩባያውን ስታማስል ስባሪው ከማንኪያው ጋር ተጋጨ። አወጣችው፤ አለ። መለሰችው፤ የለም። ይህን ስትደጋግም ለእንግዳዋ ያፈላችው ሻሂ ቀዘቀዘ። ጆንያው በሙሉ በዚያ ሳምንት በዘይት ተለይቶ አለቀ፤ ካሂንም አዲሶቹን ሙስበሃዎች ወስዶ ከርሞ አንድም የተመለሰ የለም ብሎ ላከ።

ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ዘይኑን ግን አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ አለው። ምድጃው ፊት ተቀምጦ የቀለጠው ብርጭቆ እንደ ማር ሲለጠጥ ባየ ቁጥር ያ የዒድ ሜዳ ይመጣበታል። ዓኒሳ ያሳየችው ሁሉ የቀዘቀዘ ብርጭቆ ነው። ሲቀልጥስ? እጅ ለእጅ የተያዘው ሁሉ ይለቃቀቃል? ከለቀቀ ለምን እንደ ውሃ አይፈስም? ካልለቀቀስ እንዴት ይፈሳል?

ስልክ ደውሎ ጠየቃት። እሷም በቅጡ አላውቅም አለችው። በዓለም ላይ ይህን ብቻ ሲያጠኑ የኖሩ ሰዎች እንዳሉ፣ ጽሑፋቸውንም አንብባ እንደምታውቅ፣ በገዛ ዓይኗ ግን አይታው እንደማታውቅ ነገረችው። በሚቀጥለው ሳምንት የክፍሏን ኃላፊ አስፈቅዳ ስፔክትሮሜትሩን በባጃጅ ጭና ዳሚ ደረሰች፤ መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ሳጥኑን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አቅፋው ነበር።

ምድጃውን አነደዱ፣ ብርጭቆው ቀልጦ ብርቱካናማ ሆነ። የገመዱን ጫፍ ሙቀት ከማይደርስበት አርቃ አነጣጠረችና ሌዘሩን አበራች። ስክሪኑ ላይ ጉብታም ጫፍም አልታየም፤ መስመሩ ከታች ተነስቶ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከሌላ አቅጣጫ ሞከሩ፣ በብረት ቆርቆሮ ከለሉ፣ እሳቱን ቀነሱ። ያው ግድግዳ። የጋለው ብርጭቆ ራሱ ብርሃን ይተፋል፤ ያ ብርሃን የምትፈልገውን ጭላንጭል ሁሉ ዋጠው። ለዚህ ሥራ ወደ ሐምራዊ የሚጠጋ ሌዘር ያላቸው ሰዎች አሉ፣ እኔ የለኝም አለች፤ ሳጥኗ ላይ ተደግፋ ተቀመጠች። ፊቷ በላብና በጥላሸት ተዥጎርጉሮ ነበር።

ዘይኑ ዘንጉን በቀለጠው ውስጥ አዟዟረ።

"እሱ ሳያውቅ ብንይዘውስ?" አላት።

"እንዴት?"

"ዶቃ ውሃ ውስጥ ሲወድቅብኝ ድንግጥ ብሎ ይደርቃል። ለመደርደር ጊዜ አያገኝም። በአመድ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ግን ጊዜ አለው። ሁለቱን ብታያቸው አንድ ናቸው?"

ዓኒሳ ቀና አለች። ይህ እሷም የምታውቀው ነገር ነው፤ ብርጭቆ ማለት ባለበት የቆመ ፈሳሽ ነው ብላ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምራዋለች። ልዩነቱ ግን እጅግ ትንሽ ስለሆነ በዚህ አሮጌ ማሽን ይታያል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ላይታይ ይችላል አለችው። እንሞክረው አላት።

ከአንድ ጠርሙስ የወጣ ስባሪ ብቻ አቀለጡ፤ ሌላ ነገር እንዳይቀላቀል። ዘይኑ ገሚሱን ጠብታ በወፍራም ብረት ላይ አንጠባጥቦ ወዲያው በሌላ ብረት ተጫነው፤ እንደ ቅጠል ስስ ሆኖ በቅጽበት ደረቀ። ገሚሱን አመድ ውስጥ ቀበረው። በማግስቱ ዓኒሳ ኮሌጅ ወስዳ አየቻቸው። በድንገት በደረቀው ላይ የቀኙ ጉብታ ትከሻዎች ትንሽ ሰፋ ያሉ መሰላት። መሰላት እንጂ ልትምል አትችልም። ዓይኔ የሚፈልገውን እያየ እንደሆነስ አለች።

መላውን ያመጣችው ኡምሰልማ ናት። ናሙናዎቹን እኔ ልቀላቅላቸው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔ ብቻ ልወቅ፣ አንቺ ከመስመሩ ብቻ ለይተሽ ንገሪኝ አለቻት። ዓኒሳ ይህን ቀድማ ማሰብ የነበረባት እሷ መሆኗን አምና ተቀበለች። ዘይኑ ሌላ ዙር አቀለጠ፤ ኡምሰልማ አጠገቡ ቆማ እያንዳንዱን በተለያየ ቀለም ክር አሰረች፣ የክሩን ምስጢር ለባሏም አልነገረችም።

በቀጠሮው ቀን ሦስቱ በዚያ ጠባብ ክፍል ብርቱካናማ መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ አንዱን መስመር ለማግኘት ረጅም ጊዜ መጠበቅ ያስፈልጋል። መስመሩ መጀመሪያ እንደ ሣር ይንቀጠቀጣል፤ ቀስ እያለ ይረጋና ጉብታው ከውስጡ ይወጣል። ዓኒሳ "ይሄ የአመድ ነው፣ ይሄ የብረት ነው" እያለች ለየች። ኡምሰልማ ፊቷ ላይ ምንም ሳታሳይ እስከ መጨረሻው ሰማች።

"አንዱን ብቻ ሳትሽ" አለቻት። "ቀዩን ክር። የአመድ ነው አልሽ፣ የብረት ነው።"

ዘይኑ ቀዩን ክር አንስቶ አገላበጠው። የታሰረበት ቅርፊት ከሌሎቹ ወፈር ያለ ነበር። ያኔ ትዝ አለው፤ የመጨረሻው ጠብታ ነው፣ ብረቱ በፊተኞቹ ጠብታዎች ግሎ ነበር፣ ሲጫነውም ዘግይቷል።

"ይሄ ብረት ላይ ይሁን እንጂ ቶሎ አልደረቀም" አለ። "ከመሀል ነው።"

ዓኒሳ የቀዩን ክር መስመር ከሌሎቹ ጋር ደራርባ አየች። እውነትም ከሁለቱ መሀል ነበር፤ ወደ አመዱ ያዘነበለ። ከዚያ መስመሩ የሚለውን በራሷ አነጋገር ነገረቻቸው። ሲቀልጥ ሁሉም እጁን አይለቅም። አንዱ ይለቅና ሌላውን ይይዛል፣ ያኛውም ለቆ ሌላ ይይዛል፤ የሚፈሰው ለዚያ ነው። እሳቱ በበረታ ቁጥር ደግሞ ነገሩ ይበላለጣል፤ አንዳንዱ አራት እጁንም ያስይዛል፣ አንዳንዱ ሁለቱን ብቻ ያስይዛል። ድንገት የደረቀው ብርጭቆ ያን መበላለጥ እንደያዘ ነው የቆመው። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ግን ለመተካከል ጊዜ አግኝቷል።

"ሱብሃነላህ" አለ ዘይኑ ዝግ ብሎ። "ታዲያ እርግጠኛ ነሽ?"

"አይደለሁም" አለች። "ሌሎች ካጠኑት ጋር ይስማማል። የእኛ ግን ገና ነው። እንደ ቀዩ ክር ያለ ብዙ መሀል ያስፈልገናል።"

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ መሀል ፍለጋ ሆነ። ዘይኑ ጠዋት ለካሂን ሙስበሃ ይሠራል፤ ከዙህር ሶላት በኋላ ምድጃውን ለሌላው ሥራ ይለቃል። ብረቱን አንዴ በውሃ አቀዝቅዞ፣ አንዴ እንዳለ ትቶ፣ አንዴ ደግሞ አግሎ ያንጠባጥባል። አንዱን በአሸዋ፣ አንዱን በአመድ፣ አንዱን በባዶ አየር ያቀዘቅዛል። እነዚህ ስባሪዎች ዶቃ አይሆኑም፣ ማንም አይገዛቸውም። ኢዘዲን ሊጠይቃቸው ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ በክር የታሰሩ ስስ አረንጓዴ ቅርፊቶች ተደርድረው አየና ይሄ ደግሞ ለምን እንደሚሆን ጠየቀ።

ኡምሰልማ መቀስና ክር ይዛ ነበር፤ ቀና ሳትል፣ ለማየት ነው አለችው። ዘይኑ ብረቱን በጨርቅ ጠርጎ አጠገቡ ቦታ ለቀቀለትና፣ ጠብታው ከዘንጉ ሲላቀቅ እንዲያይ ወደ ምድጃው አፍ ጠቆመው።